«ጨጓራዬ ነው» እያላችሁ ለምትኖሩ

«ጨጓራዬ ነው።» 11 ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ ኖሬያለሁ። ሆዴ ሲነፋ ጨጓራዬ ነው። ተቅማጥ ሲይዘኝ የበላሁት ነገር ነው። ከሥራ ስመለስ እግሬ ሲዝል ደግሞ የአሜሪካ ኑሮ ነው። ኦሜፕራዞል ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም። እናቴ ሰው ባገኘች ቁጥር ተልባና አብሽ ትልክልኛለች። ለጨጓራ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። ደሜ ባነሰ ቁጥር ሐኪሙ «የወር አበባሽ ነው» ይልና የብረት ክኒን ያዝልኛል። እውጣለሁ፤ ደሜ ግን አይሞላም።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም «ይሄ ሁሉ ብረት የት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። የደም ምርመራ አዘዘች፣ ቀጥሎ ኢንዶስኮፒ፤ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ አንጀትን ማየት ማለት ነው። ሲሊያክ ሆኖ ተገኘ።

ሲሊያክ ጨጓራ አይደለም፤ አለርጂም አይደለም። ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሲሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተነስቶ ትንሹን አንጀት ያጠቃል። የአንጀታችን ውስጠኛ ገጽ እንደ ምንጣፍ ፀጉር ያሉ ጥቃቅን ጣቶች አሉት። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። እነሱ ሲላጩ ብረቱም ካልሲየሙም ሳይገባ ያልፋል። በልታችሁ ጠግባችሁ ሰውነታችሁ ግን ይራባል። ምልክቱ ሆድ ላይ ብቻ የማይታየውም ለዚህ ነው። የማይሞላ ደም፣ የሳሳ አጥንት፣ ክርንና ጉልበት ላይ የሚወጣ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ ተደጋጋሚ የፅንስ መጨንገፍ ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ሆዱን የማያመውም ሰው አለ።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። አይደለም። በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉ አለበት። እስከ ዛሬ በጥናት ከተገኙት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ቁጥሮች አንዱ የተመዘገበው በራሷ በአፍሪካ ውስጥ፣ በሰሃራዊ (የምዕራብ ሰሃራ ሕዝብ) ልጆች ላይ ነው፤ ከ100 ልጅ ከ5 በላይ።

እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ዳቦ ደግሞ መቼ ነው ሰው አሞ የሚያውቀው?» አለችኝ። የሆላንዱን ታሪክ ነገርኳት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና 45 ክረምት፣ ሆላንድ ውስጥ ዳቦ ጠፋ። ሕዝቡ በረሀብ ሲያልቅ በዚህ በሽታ የሚሰቃዩ ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ በሽታቸውም ተመለሰ። ቪለም ዲከ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ስንዴን ቀድሞም ይጠረጥር ነበር፤ ይህን አይቶ እርግጠኛ ሆነ። እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝና «እንግዲያውስ ጤፍሽን ብይ» አለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጤፍ ግሉተን የለውም። የምንበላው እንጀራ ሁሉ ግን ጤፍ አይደለም።

ከምርመራው በኋላ ዳቦና ፓስታ ጣልኩ። እንጀራዬን ግን በሰላም እበላ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በደም ምርመራው የሚታየው የሲሊያክ ቁጥሬ ምንም አልወረደም፤ ግሉተን ሲቀር መውረድ ነበረበት። የምገዛበት ሱቅ ጋጋሪዋን ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ምንም ክፋት አልነበረባትም። «ጤፍ አለው፣ ገብስ አለው፣ ለማለስለስና ቶሎ እንዲነሳ ደግሞ ሰልፍ ራይዚንግ እጨምርበታለሁ» አለችኝ። ሰልፍ ራይዚንግ ማለት የስንዴ ዱቄት ነው። ውጭ አገር የሚሸጥ ብዙ እንጀራ እንዲህ ነው። ጤፍ ውድ ነው፣ ብርዱ ሊጡን አያቦካም፣ ስንዴ ሲገባበት ዓይኑ ያምራል። መጥቆሩንም አትመኑ፤ ጥቁር ጤፍ ከገብስ ጋርም ይጋገራል።

ስለዚህ «ጤፍ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም ሰው «አዎ ጤፍ ነው» ይላችኋል፤ ጤፍ አለበታ! «ከጤፍ ሌላ ምን ገባበት? አብሲቱስ በምን ተጣለ? እርሾው ከየት መጣ? ምጣዱ ላይ ሌላ ምን ይጋገራል?» ብላችሁ ጠይቁ። እርሾው ከገብስ ሊጥ የተረፈ ከሆነ ንጹህ የጤፍ ዱቄት ላይ ቢጨመርም ሊጡ ተበላሽቷል። አምባሻ የተጋገረበት ምጣድና ማሰሻም እንደዚያው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣውንም ማሸጊያውን ሳታነቡ አትግዙ። ማሽላ፣ ሩዝና በቆሎ ቢቀላቀሉበት ችግር የለውም፤ ግሉተን የላቸውም።

እኔ አሁን የምጋግረው ራሴ ነኝ። እርሾ ከማንም አልበደርኩም። ዱቄቱንና ውሃውን ብቻ አቡክቼ ሦስት አራት ቀን ጠበቅሁት፤ እርሾ ሆነኝ። ዱቄቱን ስገዛ ግሉተን የለውም የሚል ጽሑፍ ያለበትን እመርጣለሁ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ለመጻፍ በ1 ኪሎ ምግብ ውስጥ ግሉተኑ ከ20 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። አውሮፓም መለኪያው ያው ነው። አሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት የሚበቅለው ጤፍ በየግሮሰሪው ይገኛል። አዲስ ምጣድም ገዛሁ። ባሌ መጀመሪያ «ለምን ታባክኛለሽ» ብሎ ነበር፤ ቁጥሬ ሲወርድ ግን ሁለተኛውን ምጣድ ራሱ ጓዳ አስገባልኝ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ይህን አንብባችሁ ዛሬውኑ ዳቦ አታቁሙ። መጀመሪያ ተመርመሩ። የደም ምርመራው ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል፤ ጠቅላላ አይጂኤም (አይጂኤ ሰውነት የሚሠራው የመከላከያ ፕሮቲን ነው) አብሮ ይታይ በሉ፤ እሱ ያነሰበት ሰው ውጤቱ በስህተት ንጹህ ሊመስል ይችላልና። ግሉተን ካቆማችሁ በኋላ ብትመረመሩ ደሙም አንጀቱም አገግሞ በሽታው ይደበቃል። ያቆማችሁ ካላችሁ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት በየቀኑ ዳቦ ብሉ ይላችኋል። ከአንድ ዓመት እፎይታ በኋላ ሕመሙን በገዛ እጃችሁ መጥራት ከባድ ነው፤ ያደረገች ጓደኛ አለችኝ።

ሌላው ምግባችን ብዙ ችግር የለበትም። ቂንጬ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ቆሎና ገንፎ፣ ጠላና ቢራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ እንዳለባቸው የሚታወቁ ናቸውና ተዉአቸው። ቆጮና ቡላ ንጹህ ናቸው። አጃ በራሱ ችግር የለውም፤ ግን ከስንዴና ከገብስ ጋር ተነካክቶ ስለሚመጣ ተለይቶ የተዘጋጀውን ብቻ ግዙ። የማይጠረጠረው ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው ሽሮና በርበሬ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከእናንተ በፊት የማንን ስንዴ እንደፈጨ ማን ያውቃል? ምስርን ደግሞ እንደ እናቶቻችን ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ልቀሙት። የስንዴና የገብስ ፍሬ አይጠፋበትም።

አሜሪካ ያላችሁ ይህንም ያዙ። ሕጉ ማሸጊያ ላይ ስንዴ በስሙ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ገብስን ግን አያስገድድም። «ሞልት» የሚል ካያችሁ የእኛው ብቅል ነው። ብዙ ኮርንፍሌክስ በቆሎ ቢባልም ይሄ አለበት። አውሮፓ ያላችሁ የተሰረዘ የስንዴ ዛላ ምልክት ፈልጉ። ጣሊያን ያላችሁ ደግሞ በሽታው ከተረጋገጠላችሁ መንግሥት ለምግቡ በየወሩ ድጎማ ይሰጣል፤ መብታችሁን ጠይቁ። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ የእናንተ ይከብዳል፤ የምትበሉትን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁምና። «ኻሊ ሚን አል-ግሉቲን» የሚለውን ቃል በቃላችሁ ያዙት፤ «ግሉተን የለውም» ማለት ነው። ሩዝ፣ እንቁላልና ቴምር አሉላችሁ። የሐኪም ወረቀት ከአፍ ይልቅ ይሰማልና ከተመረመራችሁ ወረቀቱን በአረብኛ አጽፉ።

ከምግቡ በላይ የከበደኝ ሰው ነው። እኛ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ጉርሻ አለ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዘገናል። በረመዳን ሳምቡሳና የስንዴ ሾርባ ይቀርባል። «አልወድም» ካላችሁ ይከፋቸዋል፤ «ጠግቤያለሁ» ካላችሁ «በሞቴ» ይመጣል። «ሐኪም ከልክሎኛል» ስትሉ ግን ሁሉም ያከብራችኋል። እኔ ግብዣ ስጠራ አስቀድሜ እደውላለሁ። እንጀራዬን ጠቅልዬ እሄድና ወጡ እንጀራ ላይ ከመፍሰሱ በፊት በሳህን ይቀዳልኝ እላለሁ። አስተናጋጇ ተቀይማ አታውቅም። ጉርሻ ካማራት ከእኔ እንጀራ ቆርሳ ታጎርሰኛለች። ጸበል ጻድቁን በሁለት እጄ ተቀብዬ ለጎረቤቴ አቀብላለሁ። ቅዱስ ቁርባንን በተመለከተ እኔ ምንም አልልም፤ የሚዘጋጀው ከስንዴ መሆኑን አውቃችሁ ለንስሐ አባታችሁ ሕመማችሁን በግልጽ ንገሩ።

ግሉተን ትታችሁም ሆዳችሁ ከነፋ ተስፋ አትቁረጡ። አንጀት ሲጎዳ ወተት የሚፈጨው ኢንዛይም አብሮ ይጠፋል። ለጥቂት ወራት ወተት ብትተዉ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ሲድን ይመለስለታል። የተነጠረ ቅቤ ግን እዚህ ግባ የሚባል የወተት ስኳር የለውምና ወጣችሁን አታድርቁት። ሁለተኛው ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ፍሩክታን የሚባል ነገር አለ፤ አንዳንዱን ሰው ክፉኛ ይነፋል። ስንዴም ውስጥ አለ። ዳቦ ሲተው የተሻለው ሁሉ ሲሊያክ ነው ማለት የማይቻለውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ቁሌቱን ቀንሱ፤ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሳችሁ አውጡት፣ ጣዕሙ ዘይቱ ላይ ይቀራል። በጾም ወቅት ሽሮና ምስር ሲደራረብም እንዲሁ ይነፋል፤ ያ አዲስ በሽታ አይደለም።

ሲሊያክ በዘር ይሄዳል። ከወላጅ፣ ከልጅ፣ ከእህት ከወንድም አንዱ ላይ ከተገኘ ሌላው ላይ የመገኘት ዕድሉ ከ10 ሰው ወደ 1 ይጠጋል። እህቴን ለምኜ አስመረመርኳት። እሷ ንጹህ ሆነች። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጇ ላይ ግን ተገኘ። «አጭር በአባቱ ወጥቶ ነው» ሲባል የኖረ ልጅ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሱሪ ማሳጠር ትተን ማስረዘም ጀመርን። አሜሪካ ልጅ ላላችሁ፣ ትምህርት ቤቱ 504 ፕላን የሚባል አለው፤ ሕመም ላለበት ልጅ የሚደረግለትን በጽሑፍ የሚያስቀምጥ ዕቅድ ነው። የሐኪሙን ወረቀት ይዛችሁ ለትምህርት ቤቱ ነርስ ስጡና በጽሑፍ ይያዝልን በሉ። ለክፍል ጓደኛ ልደት ኬክ ሲመጣ ልጃችሁ እጁን አጣጥፎ እንዳያይ የራሱን ኬክ ቆራርሳችሁ ነርሷ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡለት።