መጀመሪያ የተወለደበትን ወር ጠይቁ

ለለገጣፎ ልጆች፣

ባለፈው ሐሙስ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ሲያደርገው ሱቁ በረንዳ ሥር ተጠልላችሁ ስትከራከሩ እኔም ከጎናችሁ ቆሜ ነበር። ስለ አርሰናል መስሎኝ መጀመሪያ ጆሮ አልሰጠሁትም። ቆይቶ ነው ስለ በረዶ ሆኪ መሆኑ የገባኝ። ካናዳ ያሉት የአክስትና የአጎት ልጆቻችሁ በቴሌግራም የላኩላችሁን ቪዲዮ እየተቀባበላችሁ፣ በሰኔ መጨረሻ በሚደረገው ድራፍት ማን አንደኛ፣ ማን አሥረኛ እንደሚጠራ ትደረድሩ ነበር። አንዱን ልጅ «ተወው እሱን፣ አጭር ነው፣ አይሆንም» ብላችሁ ከዝርዝሩ አወጣችሁት። ልጁ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ያቺን ቃል ይዤ ቤት ገባሁ፤ ሌሊቱንም አላስተኛችኝም። እኔም ብያታለሁና። እኔ ያልኳት ግን በስልክ ላየሁት ልጅ ሳይሆን ፊቴ ለቆመ ተማሪዬ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የስፖርት መምህር ነበርኩ። አብዛኛውን ያሳለፍኩት ከዚሁ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ በመንገዱ ዳርና ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች ነው። ከሰዓት በኋላ ታዳጊዎችን አሠለጥን ነበር፤ ክለቦች ለምልመላ ሲመጡም ልጆች መርጬ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ እንደ አንድ መራጭ ነው።

ክርክራችሁን ተዉት አልላችሁም። ልጅን በዓይን ተከታትሎ ነገ ምን እንደሚሆን መገመት ትልቅ ችሎታ ነው። ከእናንተ መካከል አሠልጣኝ ወይም መልማይ የሚወጣ ከሆነ ከዚያ በረንዳ ሥር ነው የሚወጣው። የምፈልገው አመዛዘኑን እንድታውቁበት ነው።

ድራፍት ሲባል ቢራው ብቻ ትዝ የሚለው ስላለ ትንሽ ላስረዳ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልጆች ሆነን ገና ስንጫወት ሁለት አለቆች መሐል ይወጡና ተራ በተራ ይመርጡን ነበር። አንዱ ጉልበታሙን ይወስዳል፣ ሌላው ሯጩን ይጠራል። መጨረሻ የሚቀረው ልጅ የዱላውን ቆልማማ ጫፍ መሬት ላይ እያሻሸ ይቆማል። የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። 32 ክለቦች በሰባት ዙር እስከ 224 ወጣቶች ይመርጣሉ፤ የዓመቱ ደካሞች ቀድመው የመምረጥ ዕድላቸው እንዲሰፋ ዕጣ ይወጣል። እዚያ ግን ምርጫው በቴሌቪዥን ስለሚታይ፣ የሚቀረው ልጅ የሚቀረው በሰው ሁሉ ፊት ነው።

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ። ልጄ ካናዳ፣ አልበርታ ክፍለ ሀገር ኤድመንተን ስለምትኖር ሁለት ጊዜ ከኅዳር እስከ መጋቢት እሷ ጋ ቆይቻለሁ። የልጅ ልጄ ሆኪ ይጫወታል፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ልምምዱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ሆኖ ውስጥ የበረዶው ሜዳ በመብራት ነጭ ብሎ ይጠብቀናል። የጫማቸው ስለት በረዶውን ሲፍቀው ቢላ በሞረድ ሲሳል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። የልጁ ማልያ ጉልበቱ ድረስ ይወርድ ነበር። ከጎኑ የሚጫወተው ልጅ በአንድ ራስ ይበልጠዋል። ሁለቱ ግን እኩያ ናቸው ይባላል፤ እዚያ ታዳጊዎች የሚመደቡት በተወለዱበት የፈረንጅ ዓመት ነዋ። የእኛው ልጅ የተወለደው በታኅሣሥ አጋማሽ፣ የፈረንጁ ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ረጅሙ ልጅ የተወለደው የዚያው ዓመት የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ነው። በወረቀት እኩያ የሆኑት ልጆች በእውነቱ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን የጎደለው ልዩነት አላቸው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ አንድ ዓመት የዕድሜው ዘጠነኛ እጅ ነው።

የምርጥ ቡድኑ ዝርዝር በሩ ላይ የተለጠፈ ቀን ከመኪናው ወርዶ ሮጠ። ስሙን የፈለገው ከታች ጀምሮ ነው። በጣቱ እየተከተለ እስከ አንደኛው ስም ወጣ፤ ከዚያ እንደገና ከታች ጀመረ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። ስሙ አልነበረም።

ይህን ቀድመው ያስተዋሉ ሰዎች አሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ዓመት የምጠራው ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባለቤቱ ከፖላ ጋር፣ በዚያው በአልበርታ ሌዝብሪጅ ከተማ፣ የወጣቶች ሆኪ ጨዋታ ሊያይ ገባ። ፖላ የተጫዋቾቹን የልደት ቀን ስታነብ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ማርች እየተደጋገመ መጣባት። ሌሎች ቡድኖችንም ቢያዩ ነገሩ ያው ሆነ። ኮከብ ቆጠራ አይደለም። በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ ጠንከር ብሎ የታየው ይመረጣል፤ የተመረጠው የተሻለ አሠልጣኝና ብዙ ጨዋታ ያገኛል፤ አሥራ አምስት ሲሞላው እውነትም የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ መራጩ «እኔ ቀድሜ አይቼዋለሁ» ይላል። ልዩነቱን ያሰፋው ግን ራሱ ነው።

ድራፍቱ ደግሞ የራሱ መቁረጫ ቀን አለው፤ የሚውለውም ከእኛ ዘመን መለወጫ ጎን ነው። አንድ ወጣት ለምርጫ የሚቀርበው እስከዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15፣ ማለትም እስከ መስከረም 5 ገደማ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ነው። የሆኪ ተጫዋቹ አውስተን ማቲውስ የተወለደው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለት ቀን ምክንያት የ2015 ምርጫ አለፈው። ዓመቱን ስዊዘርላንድ ሄዶ ከአዋቂዎች ጋር ተጫወተ፤ በ2016 የቶሮንቶ ክለብ አንደኛ አድርጎ ወሰደው። እናንተ በረንዳው ሥር ጎን ለጎን ካስቀመጣችኋቸው ሁለት ልጆች አንዱ የመስከረም መጨረሻ፣ ሌላው የቀጣዩ ነሐሴ ልጅ ቢሆንስ? አንደኛው የአንድ ዓመት አጥንትና የአንድ ዓመት ልምምድ ቀድሞታል። ይህን ሳትጠይቁ «አጭር ነው» ማለት ፍርድ አይባልም።

እኛ ሀገር ጉዳዩ ይከብዳል። የስንቱ ልጅ ልደት «ለጥምቀት»፣ «ቡሄ ሰሞን» ተብሎ ነው የሚታወቀው። ዓለም አቀፍ የታዳጊ ውድድሮች በአብዛኛው የሚቆርጡት በጃንዋሪ 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ማለት ነው። ስለዚህ ለጥምቀት የተወለደው በምድቡ ታላቅ ሲሆን በዚያው የፈረንጅ ዓመት ለኅዳር ሚካኤል የተወለደው አሥር ወር ያንሰዋል። በዚህ ላይ ዕድሜ መቀነስ አለ። ይህን በግልጽ እነግራችኋለሁ፤ ከእናንተ መካከል «ሁለት ዓመት ቀንስና ተመዝገብ» የተባላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማየት የጀመረው ለዚህ ነው። እናንተ ግን ምርመራውን ፈርታችሁ አትተዉት። ሁለት ዓመት ቀንሳችሁ የምትገቡበት ቦታ የአንድ እውነተኛ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቦታ ነው። እኔ እነዚያን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ቦርሳቸውን አንግተው ከሜዳው ሲወጡ አይቻቸዋለሁ።

ከእነሱ አንዱን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ ክለብ ሁለት ልጆች አቅርብ አለኝ። ሦስት እጄ ላይ ነበሩ። ሁለቱ ረጃጅም፣ ትከሻቸው የሰፋ። ሦስተኛው ቀጭን፣ ደረቴ ድረስ የሚመጣ፤ ኳስ ሳይደርሰው ግን በግራም በቀኝም ዞር ብሎ ያያል፣ ሲደርሰው የት እንደሚሰጥ ጨርሶታል። መልማዩ ጠየቀኝ። «አጭር ነው፣ አይሆንም» አልኩት። ልጁ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ሰምቷል። ምንም አልተናገረም፤ የጫማውን ጭቃ በጣቱ መፋቅ ጀመረ። በሳምንቱ ልምምድ አልመጣም፤ እኔም ቤቱ ሄጄ አልጠራሁትም። ከሁለት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ሳገኘው ከእኔ በላይ ሆኗል። ኳስ ግን ትቶ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ ነበር። የላክኋቸው ሁለቱ ልጆች በክለቡ አልቆዩም፤ በእነሱ አልፈርድም፣ ከአቅማቸው በላይ ተስፋ ያሸከምናቸው እኛ ነን።

ሆኪውን የምታውቁ ልጆች የፓቬል ዳትሱክን ነገር ሳትሰሙ አትቀሩም። በሁለት ምርጫዎች ማንም ሳይጠራው ቀረ። የዲትሮይት ክለብ መልማይ የነበረው ሆካን አንደርሰን ሩሲያ የሄደው ሌላ ልጅ ሊያይ ነው። ያን ልጅ እያየ ሳለ ዓይኑ ከዚያ ቀጭን ልጅ ላይ አልነሳ አለ። ዲትሮይት በ1998 በስድስተኛው ዙር፣ 171ኛ ሆኖ ወሰደው። ዳትሱክ የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ሁለት ጊዜ አነሳ፤ በ2024 ስሙ ከሊጉ ታላላቆች ጋር በዝና አዳራሽ ገባ። ከዚህ የምወስደው «የኋለኛው ፊተኛ ይሆናል» የሚለውን አይደለም፤ ከ171ኛ በታች የተጠሩት አብዛኞቹ ሊጉን ሳይረግጡ ቀርተዋል። የምወስደው የአንደርሰንን ዓይን ነው። ሊያየው ከሄደው ልጅ ሌላ ያለውን ማየት ችሏል። እናንተ የምታዩት ቪዲዮ ግን ሌላ ሰው ቆርጦ የላከላችሁ ነው፤ ጎሉን ያሳያችኋል፣ ከጎሉ በፊት ያለውን አርባ ሰከንድ አያሳያችሁም። ሙሉ ጨዋታ ፈልጉ። ኳሱን ወይም ፓኩን፣ ሆኪ የሚጫወቱበትን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ከተነጠቀ በኋላ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ቆሞ እጁን ያወናጭፋል ወይስ ዞሮ ይከተላል? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አይቼ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

ቁጥርም ያታልላል። ሳም ቤኔት ከ2014 ድራፍት በፊት በተደረገው የአካል ብቃት ፈተና ብረት ይዞ አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን ወደ ላይ መሳብ አልቻለም። ስንቱ ሳቀበት። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ትከሻው ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ካልጋሪ አራተኛ አድርጎ መርጦት ነበር፤ በ2025 ከፍሎሪዳ ጋር ዋንጫውን ሲያነሳ የዋንጫው ጥሎ ማለፍ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። አንድ ልጅ አንድ ነገር ሲያቅተው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። በእኛ ሜዳ መልሱ ብዙ ጊዜ ቁርስ ነው፤ ሳይበላ መጥቶ ነው።

በ1999 አንደኛ የተመረጠው ፓትሪክ ስቴፋን ነበር። በዚያው ምርጫ ሄንሪክ ዜተርበርግ 210ኛ ተጠራ፤ በኋላ የስታንሊ ዋንጫን ያነሳው ግን እሱ ነው። ስቴፋን የተጠበቀውን ያህል ስላልሆነ ሰው እስከ ዛሬ ስሙን ለማሾፊያ ያነሳዋል። ልጁን ደጋግሞ ጉዳት አግኝቶታል፤ አንደኛ ያደረገው ደግሞ ራሱ አይደለም። እባካችሁ በዚህ ልጅ አታሹፉ።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ፤ ደብተር ያዙ። ዛሬ «ይሄ ይሆናል፣ ያ አይሆንም» ያላችሁትን ከነቀኑ ጻፉ፣ የልጁንም የልደት ወር ከጎኑ አስፍሩ፤ በሦስት ዓመቱ ገልጣችሁ እዩት። በቃል የተፈረደ ፍርድ ይረሳል፣ የረሳ ሰውም ከስህተቱ አይማርም። የእኔ አሮጌ ደብተር አሁንም አለ። ስለዚያ ልጅ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፤ «ያያል። ይሰጣል። አጭር።» ሁለቱ የመጀመሪያ ቃላት ልክ ነበሩ፤ ሦስተኛዋ የዚያን ዓመት ብቻ እውነት ነበረች። ልደቱን አልጻፍኩም፤ አልጠየቅኩትማ።

ባለፈው ወር ሰንዳፋ ገበያ ጤፍ ገዝቼ መኪና ስጠብቅ አንድ አይሱዙ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ «ቲቸር!» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። እሱ ነው። ጆንያውን ጭኖ እስከ ቤቴ አደረሰኝ፤ ሂሳብም አልቀበልም አለ። መንገድ ላይ ያንን ቀን አነሳሁበት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነዳ። ከዚያ፣ «ትልቁ ልጄ ኳስ ይወዳል፣ አሥራ ሦስት ሆኖታል፤ ቢያዩልኝ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ከደረቀ ይዞት ይመጣል። የጥቅምት ልጅ ነው፤ ጠይቄያለሁ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።