መልስ፦ በአርባዋ ቀን የሚያስቅ ታሪኳን ማውራት ነውር ነው ወይ?

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። "አክስቴ ተጫዋች ነበረች፤ አርባዋ ላይ ቀልዷን ባወራ ሰው ይቀየመኛል?" ብለሻል። እኔ ነውር አይታየኝም። ሰዓቱን ብቻ እወቂበት።

አያቴ ቡና ላይ ቀልድ አታውቅም። እንግዳ አቦል ጠጥቶ ሊነሳ ሲል አንድ ጫማውን አልጋ ሥር ትደብቅበታለች። በረካ ሳይጠጣ ንቅንቅ የለም! የሞተች ሰሞን ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም አቀርቅሮ ተቀምጧል። ቡና ሲዞር አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩና "ዛሬስ ሁለቱም አሉ" አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰው አባቴ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። የወጣለት ያኔ ነው።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ሙሾ አውራጇም የሟችን ሙያና ጠባይ እየጠራች አይደል የምታስለቅሰው?

ፍትሐቱና ጸሎቱ እስኪያልቅ ዝም በይ። ዝክሩ ተበልቶ ቤተ ዘመድ ብቻ ሲቀር ጀምሪው። እናቷ ወይም ልጆቿ ካሉ ግን ቀድመሽ ጠይቂያቸው፤ ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው። ካልፈለጉ አትጫኛቸው። ሰማንያው አለ፣ መንፈቁ አለ፣ ሙት ዓመቱም አለ። እስከዚያ ትልልቆቹ የሚያወሩትን በስልክሽ ቅጂ። እኔ ባለመቅዳቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኛ ቤት ዛሬም እንግዳ ሲነሳ አንዱ "ጫማህ አለ?" ይለዋል።