ገንዘባችሁ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠራ ነበር?

ይድረስ ለእናንተ፣ የራሳችሁን ደመወዝ መብላት ከጀመራችሁ ብዙም ላልቆያችሁ ልጆቼ።

ሙያዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከመንዝ እስከ አንኮበር፣ ከጣርማበር እስከ ጅሩ፣ በግና ከብት ስከትብ ነው። የፋይናንስ ሰው አይደለሁም። ግን ከደመወዜ እየቆነጠርኩ አክሲዮን መግዛት ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብያለሁ። ይህን የሚያውቁ ወጣቶች ይመጡና አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ "ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?"

ጥያቄው አይከፋም። ግን ከሱ የሚቀድም አለ። እስካሁን የገዛችሁት ምን አደረገላችሁ? ይህንን ራሱን ጠይቆ፣ መልሱን ወረቀት ላይ አስፍሮ የመጣ ወጣት ጥቂት ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የገዛችሁበትን ቀን እና ጓደኛችሁ የነገራችሁን ወሬ ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

እኔ ሒሳቤን የምሠራው ታኅሣሥ ላይ ነው። የባንኮቹ የበጀት ዓመት ሰኔ ውስጥ ይዘጋል። ኦዲቱ አልቆ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ተጠርቶ፣ የትርፍ ድርሻው እስኪታወቅ ጥቅምትና ኅዳር ይደርሳል። ታኅሣሥ ላይ የሚደበቅ ነገር አይኖርም። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ስለሚሆን ቤት መቀመጡም ደስ ይላል። አንድ ደብተር አለችኝ። ለእያንዳንዱ አክሲዮን አንድ ገጽ። ስንት ከፈልኩ፣ መቼ ከፈልኩ፣ በየዓመቱ በእጄ ስንት ገባ። ሌላ ጌጥ የላትም።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚያታልል አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ የአክሲዮን ሰርተፊኬቷን ይዛ ቤቴ መጣች። ደስ ብሏታል። "ጋሼ፣ ባንኬ ዘንድሮ 27 በመቶ አተረፈልኝ!" አለችኝ። በስንት እንደገዛች ጠየቅኋት። አክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ነው። እሷ ግን የገዛችው ከሌላ ባለአክሲዮን ላይ፣ አንዱን በ1,450 ብር ነው። 50 አክሲዮን። የከፈለችው 72,500 ብር ሆነ። ባንኩ 27 በመቶ የሚለው ደግሞ በተጻፈው ዋጋ ላይ ነው። ማለትም በ50,000 ብር ላይ። ይህ 13,500 ብር ነው። 13,500ን እሷ ከኪሷ ላወጣችው 72,500 ስናካፍለው 18.6 በመቶ ወጣ። ግብሩ ሲቆረጥ ከዚያም ወረደ።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። መጥፎ አልገዛችም። 18 በመቶ ቀላል ነገር አይደለም። ግን 27 አይደለም። ገንዘቧን ጨምራ እዚያው ባንክ ላይ ልታፈስ ያሰበችው 27 ነው ብላ ነበር። ውሳኔ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ስለዚህ በመቶኛውን ሁልጊዜ በከፈላችሁት ልክ አስሉት። ፕሪሚየም፣ ማለትም ከተጻፈው ዋጋ በላይ ከፍላችሁ ከሆነ እሱን ጨምሩ። የአገልግሎት ክፍያ ካለም ጨምሩ። አዲስ አክሲዮን ገዝታችሁ ክፍያውን የጨረሳችሁት በዓመቱ አጋማሽ ከሆነ ደግሞ የሚደርሳችሁ የግማሽ ዓመቱ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አይታችሁ አትፍረዱ።

ቀጥሎ የአንድ አክሲዮን ትርፍ የሚባለውን፣ ማለትም ጠቅላላ ትርፉ በአክሲዮኑ ቁጥር ሲካፈል የሚወጣውን ተመልከቱ። እኔ ከሪፖርት ሁሉ ቀድሜ የማየው እሱን ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል (ባለአክሲዮኖች ከፍለው ያስገቡትን ገንዘብ) ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አደረገ። ነባሮቹ ባንኮች እንዲያሟሉ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ሰኔ 2018 ነበር። በዚህ ምክንያት ባንኮቹ አክሲዮን ሸጡ፣ ሸጡ፣ ሸጡ። የትርፍ ድርሻውንም ብዙዎቹ ወደ ካፒታል እንዲዞር ጠየቁ። ሕጉ ባንኮቹን ለማጠንከር የወጣ ነው፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። የእናንተ ድርሻ ምን እንደሆነ ግን እወቁ። ለምሳሌ የአንድ ባንክ ትርፍ ከ1 ቢሊዮን ወደ 1.3 ቢሊዮን ቢያድግ ዜናው "ትርፉ በ30 በመቶ አደገ" ይላል። በዚያው ዓመት የአክሲዮኑ ቁጥር እጥፍ ከሆነ ግን ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰው በ35 በመቶ ወርዷል። ሁለቱም እውነት ነው። ኪሳችሁን የሚነካው ሁለተኛው ነው። መንዝ ውስጥ መንጋ ስመረምርም እንዲሁ ነበር። ባለቤቱ የሚነግረኝ ስንት ራስ በግ እንዳለው ነው፤ እኔ ግን አንዷን ይዤ ጀርባዋን እዳስስ ነበር።

ወደ ዋጋ ንረት ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የከሰረው ሳያውቀው እዚህ ነው። በቁጠባ ሒሳብ ላይ ባንኮች እንዲከፍሉ የተቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 100 ብር ቁጠባ ውስጥ የተወ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 107 ብር አለው። በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 አልፏል። ገንዘቡ ጨመረ፣ አቅሙ ግን ወደ 82 ብር ወረደ። ደብተሩ ላይ ግን ቁጥሩ አድጎ ይታያል። ሰው የማይደነግጠውም ለዚህ ነው።

የመንግሥትን የዋጋ ንረት ቁጥር ተከታተሉ። በተጨማሪ ግን በምታውቁት ነገር ለኩ። እኔ የምለካው በበግ ነው። አክሲዮኑን በገዛሁበት ጊዜ በዚያ ብር ስንት የመንዝ ሙክት ይመጣ ነበር? ዛሬ አክሲዮኑን ብሸጠውና እስካሁን የወሰድኩትን የትርፍ ድርሻ ብጨምርበትስ ስንት ይመጣል? የምንጃር ልጅ ከሆናችሁ በኩንታል ጤፍ ለኩት። ከደብተሬ ገጾች መካከል በብር አድገው በበግ ያነሱ አሉ። እነዚህን ነው ቀይ እስክሪብቶ የማሰምርባቸው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ ስንቱ ወጣት "ዶላር ብይዝ ኖሮ" እያለ ሲቆጭ ሰማሁ። ልጆቼ፣ ያለፈን ነገር ተከትላችሁ ወደ ጥቁር ገበያ አትሩጡ። ሕጉም አይደግፋችሁም። ከዚህ በላይ ልል የምፈልገው የለም።

ደብተሩ ላይ አንድ ማወዳደሪያ ይኑራችሁ። ምንም ሳትጨነቁ፣ ያንኑ ገንዘብ ባንክ ተደራድራችሁ በጊዜ ገደብ ብታስቀምጡት ወይም የግምጃ ቤት ሰነድ (ለመንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚያበድሩበትን) ብትገዙበት ኖሮ ስንት ይሆን ነበር? አክሲዮን ስጋት አለው። ስጋት የተሸከመ ገንዘብ ካልተሸከመው ካልበለጠ፣ ስጋቱን ለምን ተሸከማችሁ? አንድ ዓመት ቢያንስ ችግር የለውም። በተከታታይ ሦስት አራት ዓመት ካነሰ ግን ከዚያ አክሲዮን ጋር መነጋገር አለባችሁ።

ደብረ ብርሃን ስትገቡ የሐበሻ ቢራ ፋብሪካን ታያላችሁ። ያ ፋብሪካ ከውጭ ኩባንያ ጋር ተደምሮ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ባዋጡት የአክሲዮን ገንዘብ የቆመ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ትንሽ ትንሽ ያለው ሰው ተሰብስቦ ይህን ያህል ነገር ማቆም መቻሉ ለአገር ትልቅ ነገር ነው። ግን የትኛውንም ፋብሪካ ማየትና አክሲዮኑን ማወቅ ሁለት ነገር ናቸው። ጭስ ማውጫው ሲጨስ፣ መኪናው ሲወጣና ሲገባ አይታችሁ አትግዙ። ዕዳው ስንት ነው? ካተረፈው ለባለአክሲዮን የሚያድለው ምን ያህሉን ነው? ይህ የተጻፈው ኦዲት ሪፖርቱ ላይ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 ላይ 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። በ9,900 ብር፣ በስልክ። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ውስጥ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። አንዳንዶቻችሁ "ሕዝቡ ካልፈለገው መጥፎ ነው ማለት ነው?" ብላችሁኛል። ሌላው ገዛ ወይም አልገዛ የአክሲዮኑን ዋጋ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ትርፉ ለ300 ብሩ ስንት እንደሚደርስ ነው። እሱን ራሳችሁ አስሉት።

አሁን ከሁሉም በላይ ስለሚያሳስበኝ ነገር። ኅዳር 2014 ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። ቤትና ንብረት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ አክሲዮንም ነበራቸው። በዚያን ሰሞን አክሲዮን ለመሸጥ ገዢ በሰው በሰው ማፈላለግ፣ ባንኩ የአክሲዮን ክፍል ሄዶ ማስዛወር፣ ከዚያ መጠበቅ ነበር። ልጁ የታመመበት ሰው ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ከዚያ ወዲህም በአካባቢያችን መንገድ የሚዘጋበት፣ ሥራ የሚቆምበት ጊዜ አልጠፋም። ስለዚህ የስድስት ወር ወጪያችሁ ተቀማጭ ሳይኖራችሁ አንድም አክሲዮን አትግዙ። በዚህ አልደራደርም። ባንክ ያለ ተቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ይሸፈናል። አክሲዮን ይህ ሽፋን የለውም። ድርጅት ቢፈርስ ባለአክሲዮን የሚደርሰው ሁሉም አበዳሪ ተከፍሎት ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን በር ተከፍቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፣ ገዳ ባንክም ተከተለ። ትልቅ ነገር ነው፣ የእኔ ትውልድ አላገኘውም። ግን ገበያው አለ ማለት በፈለጋችሁበት ቀን፣ በፈለጋችሁት ዋጋ የሚገዛችሁ ሰው አለ ማለት አይደለም። ዋጋው በየቀኑ ሲታይ ደግሞ እጃችሁ ይበላችኋል። ዋጋ ስለወረደ ብቻ አትሽጡ፣ ስለወጣ ብቻም አትግዙ። የምትሸጡት መጀመሪያ የገዛችሁበት ምክንያት ሲጠፋ ነው። ምክንያቱን ደብተሩ ላይ ጻፉት የምለውም ለዚህ ነው።

በቴሌግራም "በወር እጥፍ አደርግላችኋለሁ" የሚላችሁን አንድ ብር እንዳትሰጡት። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተመዘገበ ፕሮስፔክተስ (ስለ ድርጅቱና ስለ ሽያጩ ዝርዝር የያዘ ሰነድ) ሊኖረው ይገባል። አሳየኝ በሉት። የእናቴ ጎረቤት ልጅ ነው፣ የሰፈራችን ዲያቆን ነው ብላችሁ አትለፉ። ሰው የሚበላው በሚያምነው ሰው በኩል ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ደብተሬን ሳየው አብዛኛው ገንዘቤ ባንክ ላይ ነው። አራት የተለያየ ባንክ መያዝ ገንዘብ መበተን መስሎን ብዙዎቻችን ተሸውደናል። አራቱም የሚበሉት ከአንድ ሰሃን ነው፤ ብድር ሲከስም አብረው ይታመማሉ። ታኅሣሥ 2017 ላይ ፓርላማው ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ፉክክሩ ለደንበኛ ጥሩ ይሆናል፣ ለባለአክሲዮን ግን የትርፉ መጠን እንደ ድሮው ላይቀጥል ይችላል። ስለዚህ ተጨማሪ የባንክ አክሲዮን አልገዛም። ያሉኝን አልሸጥም። የትርፍ ድርሻው ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ ይሄዳል። ለሦስት ዓመት በበግ ሲያንስ የቆየውን አንዱን አክሲዮን ግን ገዢ እያፈላለግኩለት ነው። እናንተ ዕድሜ አላችሁና እኔ የማልሸከመውን ስጋት መሸከም ትችላላችሁ። የእኔን አትቅዱ፣ የራሳችሁን ሥሩ።

የዘንድሮው ጉባኤ ጥሪ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ውክልና ፈርማችሁ ለማታውቁት ሰው አትስጡ። ሪፖርቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ በጠዋት ተነስታችሁ ሂዱ። እጅ አውጡና የአንድ አክሲዮን ትርፍ ለምን እንደወረደ ወይም እንደጨመረ ቦርዱን ጠይቁት። መልሱን ያችው ገጽ ላይ ጻፉት፣ ከነቀኑ።