«ወይ ጫማውን ወይ እኔን ምረጥ» አለችኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በግራፊክስ ዲዛይነርነት እሠራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። ችግሬን ሰው ቀላል ነው ሊለው ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለ ታኮ ቡትስ ጫማ እወዳለሁ። ትንሽ ከፍ ያለውን ማለቴ አይደለም፤ የኔው ታኮ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው። ጥቁር ቆዳ ነው፣ ዚፑ በውስጥ በኩል፣ ታኮው ወፈር ያለ። በቁጥሬ ስለማይገኝ መርካቶ ለሚሠራ ጫማ ሰፊ አሠራሁት። 43 ቁጥር ስለው «ለማን ነው?» አለኝ። «ለራሴ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር እግሬን መለካት ጀመረ።

ቁመቴ አጥሮኝ አይደለም። ሴት መሆንም አልፈልግም። ሳደርገው ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ ሱሪዬ ያምርብኛል፣ ደስ ይለኛል። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም። የወንድ ነው፣ የሴት ነው እየተባለ መከፈሉም አይዋጥልኝም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ከእጮኛዬ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ጫማውን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሳሳያት «ያምርብሃል» ብላኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አድርጌው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችን ስንወርድ ሁለት ልጆች ከኋላ ተከተሉን። ታኮው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ይጮሃል። አስቀያሚ ስም እየጠሩ ተሳደቡ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸን። እሷ እጄን ለቀቀችና ታክሲ ይዛ ሄደች። ማታ ደውላ «ወይ ጫማውን ወይ እኔን ምረጥ» አለችኝ። ወሬው ታላቅ ወንድሟ ጆሮ ደርሶ «ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?» ብሎ ጠይቋታል። እናቴ ደግሞ ዘዳግም ምዕራፍ 22ን ገልጣ ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ የሚከለክለውን አስነበበችኝ።

ጫማውን ብጥለው ነገ በጸጉሬ፣ ከነገ ወዲያ በሸሚዜ ይመጣሉ። ባልጥለው የምወዳትን ልጅ ላጣ ነው። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከፒያሳ

*

ወንድሜ፣

ጫማህን አትጣለው። መልሴን ፍለጋ እስከ መጨረሻው እንዳትጨነቅ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። «ወይ ጫማው ወይ እኔ» ለሚለውም ለጊዜው መልስ አትስጥ። ያ በድንጋጤ የተነገረ ነው። በድንጋጤ ለተነገረ ነገር የችኮላ መልስ ሁለታችሁንም ይጎዳችኋል።

«የሴት ጫማ» ለሚሉህ የምትለው አለህ። ታኮ በወንድ እግር ላይ ረጅም ዘመን ኖሯል። የፋርስ ፈረሰኞች ታኮ ያደርጉ የነበረው ለጌጥ አልነበረም። ከኮርቻው ብድግ ብለው ቀስት ሲወረውሩ እግራቸው ከእርካቡ እንዳይንሸራተት ነው። በፈረንጆቹ 1599 የፋርሱ ንጉሥ ሻህ አባስ ወደ አውሮፓ መልእክተኞች ላከ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአውሮፓ መኳንንት የፋርስን ነገር ሁሉ ወደዱ፣ ታኮውንም ወሰዱ። የአውሮፓ ሴቶችም ያደረጉት የወንዶቹን ፋሽን ተከትለው ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1701 በተሣለው ትልቅ ሥዕል ላይ ነጭ ካልሲና ቀይ ታኮ አድርጎ ቆሟል። ፈልገህ እየው፤ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ጫማውን እያሳየ ነው። ወንዶቹ ታኮውን የተዉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የእኛ ፈረሰኞች ደግሞ በባዶ እግራቸው ነበር የሚጋልቡት። እርካባቸው ትንሽ ሆና አውራ ጣታቸውን ብቻ ነበር የሚያስገቡባት። ታኮ ምን ያደርግላቸዋል? የፈረንጅ ጫማ እኛ ጋ በሰፊው ሲገባ አውሮፓ ከፍ ያለውን ታኮ ከወንድ እግር ላይ ካወረደች ቆይታ ነበር። ስለዚህ እኛ የደረሰን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ቤል ቦተም ሱሪ ሲለበስ ወንዱም ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጎ ይዘንጥ ነበር። ከአጎቶችህ የአንዱን የፎቶ አልበም ብትገልጥ ሳታገኝ አትቀርም። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው ነው የምናውቃቸው። ሹሩባው የጀግና ነበር። ዛሬ አንድ ልጅ ሹሩባ ተሠርቶ ቢወጣ እናቱ ምን እንደምትለው አንተም ታውቃለህ። የወንድ የሚባለውና የሴት የሚባለው በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል።

ይህን ሁሉ የነገርኩህ ለራስህ እንዲሆንህ ነው። ለእጮኛህ እንደ ክርክር እንዳታቀርብላት። እሷ ስለ ሻህ አባስ አልጠየቀችህም።

ያን ቀን የሆነውን በእሷ ዓይን እየው። ሁለት ወንዶች ከኋላ ተከተሉ፣ ስም ጠሩ፣ ሳቁ። ለአንተ አዲስ ሆኖብህ ይሆናል። እሷ ግን ለከፋን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የትኛው ቅያስ እንደሚያሰጋ፣ መቼ መንገድ መሻገር እንዳለባት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለባት ለምዳዋለች። ከአንተ ጋር ስትሄድ ያ ነገር ቀለል ይልላት ነበር። ያን ቀን ግን ከአንተ ጋር ሆናም አገኛት፤ ፊቷም በማታውቀው ሰው ስልክ ተቀረጸ። ሽማግሌ የምትጠብቅ ልጅ ናት። እጅህን የለቀቀችው ጫማህን ስለጠላች አይመስለኝም። ቤት ውስጥ «ያምርብሃል» ያለችህ እውነቷን ነው።

የሰደቡህ ስድብም ቀላል አይደለም። ያ ስም እዚህ አገር ሰውን ከሥራው ያፈናቅላል፣ ያስደበድባል። ልጆቹ ስለ አንተ የሚያውቁት ታኮህን ብቻ ነው። ፍርሃቷን «የሰው ወሬ ነው» ብለህ አታናንቀው።

በነገራችን ላይ ይህች ከተማ በልብስ ስትጣላ የመጀመሪያዋ አይደለም። መጋቢት 1960 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎች «የውጭ ባህል ነው» ብለው በተቃውሞ ወጥተዋል። እነዚያ ተማሪዎች በብዙ ነገር አገሩን ሊለውጡ የተነሡ ነበሩ። የሴት ልብስ ላይ ሲደርሱ ግን እነሱም ቆጣ አሉ። ልብስ እንዲህ ነው፤ በሌላው ሁሉ ሰፊ የሆነውን ሰው ድንገት ያጠብበዋል። ወንድሟም እናትህም ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ የማላስበው ለዚህ ነው።

እናትህን በጥቅስ አትመልሳት። እዚያው ምዕራፍ ላይ ሱፍና የተልባ እግር የተቀላቀለበት ልብስም ተከልክሏል። ይህን ብትነግራት ትረታት ይሆናል፣ ግን አታሳምናትም። የንስሐ አባታችሁ ጋ አብረሃት ሂድና ያሳሰባትን እሷው ትጠይቅ። ዋናው ጭንቀቷ ሰው እንዳይጎዳህ ነው። ለእሱ መልስ ካገኘች ሌላው ይቀላል።

አሁን ከእጮኛህ ጋር ተቀመጡ። ካፌ ሳይሆን ሰው የማይሰማችሁ ቦታ። መጀመሪያ ያን ቀን ምን እንደተሰማት ጠይቃትና ሳታቋርጥ ስማት። ከዚያ የራስህን ንገራት፤ ለእኔ እንደጻፍከው ቀጥ አድርገህ። አንድ ነገር ቃል ግባላት፦ እሺ ሳትልህ ያንን ጫማ አድርገህ ከእሷ ጋር መንገድ አትወጣም። ይህ መሸነፍ አይደለም። አንተ ራስህን ለአደጋ ማጋለጥ ትችላለህ፣ እሷን ግን ሳትጠይቃት አታጋልጣትም። ብቻህን ስትሆን፣ ሥራ ቦታህ ከለመዱልህ፣ ከጓደኞችህ ጋር፣ የሥዕል ኤግዚቢሽን ስትሄድ አድርገው። አመሻሽ ላይ ብቻህን ከሆንክ ራይድ ጥራ። ከተከተሉህ አትመልስላቸው፤ ሰው ያለበት ሱቅ ግባ። ከስልክ ጋር ግብግብ አትግጠም፤ ቪዲዮው የሚፈልገው እሱን ነው።

ጫማውን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። ድምፁ የሚበዛው የታኮው ጫፍ ደረቅ ስለሆነ ነው። ጫማ ሰፊው ቀጭን ጎማ ይምታበት። ድምፁ ይቀንሳል፣ ዝናብ ሲዘንብም ያ ልሙጥ ንጣፍ ላይ አያንሸራትትህም። ከእግርህ ቅስት ሥር፣ ሶሉ ውስጥ፣ የብረት ድጋፍ አስገብቶ እንደሆነም ጠይቀው። ሰባት ሳንቲ ሜትር ላይ ክብደትህ በአብዛኛው ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ብረት ከሌለው ጫማው መሃሉ ላይ ይሰበራል፣ ቁርጭምጭሚትህም ይዞራል። በየቀኑ አታድርገው፤ የባትህ ጅማት እያጠረ ይሄዳል።

ወንድሟን ራስህ ደውልለት። በእህቱ በኩል አይሁን። ቡና ጋብዘውና «ስለ እኔ የምትጠይቀው ካለ እኔን ጠይቀኝ» በለው። የትኛውን ጫማ አድርገህ እንደምትሄድ አንተው ታውቃለህ፤ እኔ ግን ለዚያ ቀን ዝቅ ያለውን እመርጥልሃለሁ፣ ጨዋታው ስለ ጫማ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።

ይህን ሁሉ አድርገህ እጮኛህ «ቤት ውስጥም፣ ብቻህንም አታድርገው» ካለች ግን ነገሩ ከመንገዱ ፍርሃት አልፏል ማለት ነው። ያኔ ሽማግሌ መላኩን አቆየው። ሁለታችሁም በትዳር ውስጥ ማን ስለ ማን ልብስ እንደሚወስን ሳትነጋገሩ ሽማግሌዎቹ የወላጆቿን ደጅ አይርገጡ።