ከፋብሪካው ግድግዳ ሥር ሳንቲም አትፈልግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሎውረንስ ከተማ ከገባህ ገና ሁለተኛ ዓመትህ ነው። የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ገዝተህ በሜሪማክ ወንዝ ዳር ካለ አሮጌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀርባ ሦስት ቅዳሜ ብትዞር ያገኘኸው ሚስማርና ብሎን ብቻ ሆነ። «ይህ ሁሉ ሺህ ሰው የሠራበት ቦታ እንዴት አንዲት ሳንቲም አይገኝበትም?» ብለሃል። እኔም የመጀመሪያውን በጋ ያሳለፍኩት እንዲሁ ነው። በጣሳ የሞላ ዝገት ይዤ ስገባ ባለቤቴ ቆራሌው መጣ እያለች ትስቅብኝ ነበር።

መሣሪያህ ደህና ነው፤ የተሳሳተው ቦታው ነው። በ1840ዎቹ በጎረቤት ከተማ በሎውል የፋብሪካ ሴቶች በሳምንት 73 ሰዓት ያህል ይሠሩ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። በደወል ገብቶ በደወል የሚወጣ ሰው በፋብሪካው ግቢ ቆሞ ኪሱን አይፈትሽም። መሬቱም ቢሆን በብረት ቁርጥራጭና በተቃጠለ የድንጋይ ከሰል ርዝራዥ የተሞላ ነው፤ ርዝራዡ ራሱ እንደ ጥሩ ብረት እየጮኸ ያታልልሃል።

እኔን መንገድ ያሳየኝ የልጅነቴ ወፍጮ ቤት ነው። የጤፍ ጆንያ ይዘህ ተራ ጠብቀህ ታውቃለህ? ገንዘብ የሚጠፋው ዱቄቱ ከሚወርድበት ዘንድ አልነበረም። ውጭ፣ ዛፉ ሥር ነበር። ሴቶቹ ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው የሚቆጥሩት እዚያ ነው፤ እኛም ልጆች የወደቀ ሳንቲም የምናድነው እዚያው ነበር። የዚህ አገር ሰውም ተራ ጠብቋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከመሠራታቸው በፊት ወደ ሜሪማክ በሚገቡት ትንንሽ ጅረቶች ላይ በውሃ የሚዞሩ የእህል ወፍጮዎች ነበሩ፤ ገበሬው ጋሪውን አቁሞ፣ ፈረሱን አስሮ እህሉ እስኪፈጭ ይቀመጥ ነበር።

ስለዚህ አንድ ባለመሬት ፈቅደውልኝ ጫካ ውስጥ ወደቀረ የወፍጮ መሠረት ስሄድ የድንጋዩን ክምር ትቼ አሮጌውን የጋሪ መንገድ ተከተልኩ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ደልደል ያለ፣ ጥላ ያለው ቦታ አለ። እኔ ብሆን የምቀመጠው እዚህ ነው አልኩና የመሣሪያውን ሳህን ቀስ አድርጌ ማወዛወዝ ጀመርኩ። አንድ መዳፍ ያህል ጥልቀት ላይ ከዛሬው የሩብ ዶላር ሳንቲም ተለቅ ያለ አረንጓዴ ክብ ወጣ። ከ1793 እስከ 1857 ይመታ የነበረው ትልቁ የመዳብ አንድ ሳንቲም ነበር። ደስታው አቅሌን አሳተኝና ጭቃውን በአውራ ጣቴ ፈተግሁት። ዓመቱ ከጭቃው ጋር አብሮ ተላጠ። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ዓመት አልባ ሆኖ ተቀምጧል። አንተ እንዳታደርገው፤ እንዳለ ጠቅልለህ ወደ ቤት ውሰደው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ሥራው የሚጀምረው ከወንበርህ ሳትነሣ ነው። የሳንቦርን የእሳት መድን ካርታዎችን፣ ማለት ለመድን ድርጅቶች እያንዳንዱን ቤት እያሳዩ የተሠሩትን የድሮ ካርታዎች፣ በአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኛለህ። በካርታው ላይ ሮዝ ቀለም የጡብ ቤት ነው፤ ቢጫ ደግሞ የእንጨት። እኔ የምፈልገው ቢጫውን፣ ያውም ዛሬ ፈርሶ ሣር የበቀለበትን የሠራተኛ መኖሪያ ነው። እዚያም ቢሆን ከፊት ለፊቱ ይልቅ ጓሮውን እመርጣለሁ፤ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ የነበረው በጓሮ ነው፣ ከኪስ የተረሳ ሳንቲም ደግሞ ከገመዱ ሥር ይወድቃል። እስከ 1964 የተመቱት የአሥርና የሃያ አምስት ሳንቲሞች 90 በመቶ ብር ስለሆኑ ከመሬት ሲወጡ ነጭ ሆነው ነው፤ ስታያቸው ትለያቸዋለህ።

ቀጥሎ እሑድ የት ይሄዱ ነበር ብለህ ጠይቅ። የከተማ ባቡር ኩባንያዎች በዕረፍት ቀን ተሳፋሪ ለማግኘት ከመስመሩ ዳር መናፈሻ ይሠሩ ነበር። ከአንተ ብዙ የማይርቀው የካኖቢ ሐይቅ መናፈሻ በ1902 የተከፈተው እንዲህ ነው። እሱ አሁንም የሚሠራ የግል ቦታ ስለሆነ ተወው። በአሮጌ ካርታ ላይ ስማቸው ብቻ የቀረውን ዛፍ ያለባቸው የሽርሽር ቦታዎች፣ የጀልባ መሻገሪያዎችና የዋና ቦታዎች ፈልግ። በወንዙ ዳር ዝቅ ያለውን መሬት ግን ብዙ አትመነው። የመጋቢት 1936 ጎርፍን የመሰለ ሙላት ደለል እየከመረበት አሮጌው ነገር መሣሪያህ ከማይደርስበት ጥልቀት ገብቷል። አንድ እርከን ከፍ በል። ሎውረንስ ላይ ደግሞ በ1848 ያለቀው ትልቁ የድንጋይ ግድብ ውሃውን ከፍ ስላደረገው፣ ከግድቡ በላይ ያለው የቀድሞው ዳርቻ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው።

ወደ ውሃው ግን አትግባ። በማሳቹሴትስ ከውሃ በታች ያለ ታሪካዊ ቅርስ የግዛቱ ንብረት ነው። በሎውል ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ክልል መቆፈሩ ቀርቶ መሣሪያውን ይዞ መገኘቱ ራሱ ያስቀጣል፤ ስታልፍ እንኳ ፈትተህ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። የከተማው መናፈሻዎች ደንብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድመህ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቅ።

የግል መሬት ከሆነ በር አንኳኳ። አውቃለሁ፣ በእኛ መልክና አነጋገር የማያውቁትን ሰው በር ማንኳኳት ሆድ ያባባል። እኔ መሣሪያውን መኪና ውስጥ ትቼ የቤታቸውን አሮጌ ካርታ አትሜ ይዤ እሄዳለሁ። የወፍጮውን ባለመሬት ያገኘኋቸው እንዲሁ ነው፤ የአያታቸውን ስም ካርታው ላይ ሲያዩት መነጽራቸውን ሊያመጡ ገቡ፣ ሲመለሱ ሁለት ሲኒ ቡና ይዘው ነበር።