የሌጎስ ሲም ካርድና የአያት ስም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በመጪው ወር ለሥራ ወደ ሌጎስ እሄዳለሁ፤ ውሌ የ3 ዓመት ነው። እዚያ ያለ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ «ሲም ካርድ በስሜ አውጥቼ እጠብቅሃለሁ፤ ሰልፍ ምን ያደርግልሃል» ብሎኛል። ልቀበለው? ካልሆነስ የት ሄጄ ነው የማስመዘግበው? ምን ምንስ ልያዝ?
(ከሣሪስ)

መልስ፦ ጓደኛህ ደግ ሰው ነው። ስጦታውን ግን አትቀበለው። ለምን እንደምከለክልህ ለማስረዳት የራሴን ሞኝነት ላውራህ።

እኔ ሌጎስ የገባሁት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ነው፤ በአንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ልሠራ። ከመድረሴ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 2020፣ የናይጄሪያ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አዲስ ሲም ካርድ መሸጥም መመዝገብም እንዲቆም አዝዞ ነበር። መንግሥት በአገሩ ያለ ስልክ ቁጥር ሁሉ እነርሱ «ኒን» ከሚሉት ባለ 11 አሃዝ ብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር ጋር እንዲያያዝ ፈልጎ ነው። እገዳው እስከ ኤፕሪል 2021 አልተነሳም። አስበው፤ ሰው በማላውቅበት፣ ሕዝቡ እንደ ንብ በሚተምበት ከተማ ውስጥ ስልክ የለኝም፤ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥልኝም የለም።

ኢኬጃ ውስጥ ኮምፒውተር ቪሌጅ የሚባል ሰፈር አለ። መርካቶን ወስደህ ስልክና ኮምፒውተር ብቻ ሙላበት፤ እርሱ ነው። ወደዚያ በሚያስገባው መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ ጠራኝና «ኦጋ፣ ይህ ተመዝግቦ ያለቀ ነው፤ አስገብተህ መደወል ብቻ» አለኝ። ኦጋ ማለት አለቃ ማለት ነው፤ ሊሸጥልህ የፈለገ ሁሉ አለቃው ያደርግሃል። «በማን ስም ነው የተመዘገበው?» ብለው ሳቀ። እኔም አብሬው ስቄ ከፈልኩ። በዚያ ቁጥር ቤት ተከራየሁ፣ የባንክ ሒሳብ ከፈትኩ፣ ለእናቴ በየእሑዱ ደወልኩ። ከአንድ ዓመት በላይ ምንም አልሆነም።

ከዚያ በኤፕሪል 2022 መጀመሪያ መንግሥት ከኒን ጋር ያልተያያዙ ቁጥሮች ወደ ውጭ እንዳይደውሉ አዘዘ። የተዘጋባቸው ቁጥሮች ከ70 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ የእኔም ከእነርሱ ውስጥ ነበረ። ስልኬ ይጠራል፣ መልእክት ይገባል፤ እኔ ግን መደወል አልችልም። ኒኔን ይዤ ወደ ስልክ ኩባንያው አገልግሎት ማዕከል ሄድኩ። ልጅቱ ቁጥሩን አስገብታ ኮምፒውተሯን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች፤ እንደገና ኮምፒውተሯን። «የተመዘገበው በሴት ስም ነው፤ አንተ ደግሞ ጢም አለህ» ብላ ከልቧ ሳቀች። የሴትየዋን ስም ልትነግረኝ አልፈቀደችም፤ ትክክል ናት። ሴትየዋ ራሷ ካልቀረበች ቁጥሩ ወደ እኔ ሊዞር አይችልም ተባልኩ። በአንድ ማለዳ ስልኬ የማላውቃት ሴት ንብረት ሆኖ ተገኘ። ባንኩ በአዲስ ቁጥር እስኪተካው ድረስ በቃለ መሐላ ወረቀትና በፎርም ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ገንዘብ ባስተላለፍኩ ቁጥር ማረጋገጫ ኮዱ የሚገባው ወደዚያው ለእኔ ወዳልሆነው ቁጥር ነበር።

ጓደኛህ እንደ ጃንጥላው ልጅ አይደለም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ነገ ሥራ ቀይሮ አገር ቢለቅ፣ ወይም ሲም ካርድህ ቢጠፋ፣ ለማስመለስ የሚፈለገው የእርሱ የጣት አሻራ ነው። በአንተ ስልክ አንድ ጥፋት ቢሠራ ደግሞ ፖሊስ የሚያንኳኳው የእርሱን በር ነው። ለእርሱም ብለህ እምቢ በለው።

«ለአንድ ሲም ካርድ ይህ ሁሉ ለምን?» ትል ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ምዝገባው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ቤዛ ለመጠየቅ በስልክ የሚደውሉ አጋቾችና ቦኮ ሐራም አገሩን ባስጨነቁበት ዘመን። በ2013 በሰሜን ምሥራቅ በቦርኖ፣ በዮቤና በአዳማዋ ግዛቶች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል አገልግሎት ጨርሶ ተቋርጦ ነበር። በ2015 ደግሞ የስልክ ኩባንያው ኤምቲኤን በአግባቡ ያልተመዘገቡ 5.2 ሚሊዮን ቁጥሮችን በወቅቱ አልዘጋህም ተብሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር 200,000 ናይራ ተቀጣ። ሲደመር 1.04 ትሪሊዮን ናይራ ነው። በድርድር ወደ 330 ቢሊዮን ናይራ ወረደ፤ እርሱም ቢሆን የሚያሳምም ነው። ከዚያ ወዲህ በአገልግሎት ማዕከል ያለ ሠራተኛ ሁሉ ወረቀትህን ደጋግሞ ቢያገላብጥ አትቆጣው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ምዝገባው የሚከናወነው በስልክ ኩባንያዎቹ የራሳቸው የአገልግሎት ማዕከላትና መመዝገቢያ መሣሪያ በተሰጣቸው ወኪሎቻቸው ነው። ኩባንያዎቹ አራት ናቸው፤ ኤምቲኤን፣ ኤርቴል፣ ግሎ፣ እና ናይን ሞባይል፤ ይህ የመጨረሻው በ2025 ስሙን ቲ-ቱ ብሎ ለውጧል። ወኪልም ሆነ ማዕከል፣ ፎቶ ያላነሳህና የጣት አሻራህን ያልወሰደ ሰው አልመዘገበህም፤ ምንም ቢልህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወኪሉን ተወውና በቀጥታ ወደ ማዕከሉ ሂድ። ጠዋት፣ በእነርሱ ሰዓት በ8 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተገኝ። ከረፈደ ሰልፍ አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ ይጠበቃል፣ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ «ኔትወርክ የለም» ይባላል።

ለአጭር ጊዜ የሚሄድ እንግዳ በፓስፖርቱና በቪዛው ይመዘገባል። 2 ዓመትና ከዚያ በላይ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ግን ኒን ማውጣት አለበት። ያንተ ውል 3 ዓመት ስለሆነ ሁለቱንም ታያለህ። ስትደርስ በእጅህ ያለው የሥራ ቪዛ ብቻ ነው፤ በእርሱና በፓስፖርትህ ቁጥር አውጣ። የሁለቱንም ፎቶ ኮፒና የመኖሪያ አድራሻህን ያዝ። መሥሪያ ቤትህ «ሰርፓክ» የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ሲያስጨርስልህ ደግሞ ፓስፖርትህንና እርሱን ይዘህ ወደ ብሔራዊ መታወቂያ አስተዳደር ኮሚሽን ሂድ። ሌጎስ ውስጥ እኔ የሄድኩበት አላውሳ፣ ኢኬጃ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ግቢ ያለው ነው። አቡጃ ለሚሆን ሰው ዋናው መሥሪያ ቤት ዉሴ ዞን 5 ነው። ስልክ ኩባንያዎቹም በትልልቅ ማዕከሎቻቸው ኒን የመመዝገብ ፈቃድ ስላላቸው አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ ወንበር ያልቃል። የመጀመሪያው የኒን ምዝገባ በነጻ ነው፤ «ቶሎ እንዲያልቅልህ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅህን እለፈው።

አሥሩንም ጣትህን ያስነሱሃል። የእኔ የግራ አውራ ጣት አልነበብ ብሎ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ልጁ በጨርቅ ጠረገው፣ በሳኒታይዘር አጠበው፣ በመጨረሻ በሱሪዬ እንዳሸው አዘዘኝና ተነበበ። ከዚያ «ከየትኛው ግዛት ነህ?» አለኝ። «ከኢትዮጵያ» ብለው «አይ፣ ፉላኒ ነህ» ብሎ በሐውሳ «ሳኑ» ሲል ሰላምታ ሰጠኝ። ፉላኒ በሰሜን ናይጄሪያ በብዛት የሚኖር ሕዝብ ነው። ይህ አንተንም ይገጥምሃል፤ ፉላኒ እንመስላቸዋለን። በፎርሙ ላይ የትውልድ ግዛት ብሎ በገዛ ግምቱ እንዳይሞላልህ ብቻ ተጠንቀቅ።

ከሁሉ በላይ የምመክርህ ግን ስለ ስም ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስም፣ ሌላ ስም ይላል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ሲም ካርዱን ስታስመዘግብ የአባትህን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ፣ ኒን ስታወጣ የአያትህን ስም፣ ባንክ ስትሄድ ደግሞ የራስህን ካስቀመጥክ፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ነህ፤ ሲም ካርድና ኒን ሲያያዙ «አይመሳሰልም» ብሎ ይመልስሃል። የእኔ አያት በሕይወታቸው ከደብረ ብርሃን አልፈው አያውቁም፤ ሌጎስ ውስጥ ግን ስማቸው ሦስት ቢሮ ዞሯል። ስለዚህ አንተ በቃልህ አትናገር፤ ፓስፖርቱን ዘርግተህ «እንዳለ ገልብጥ» በለው፤ በላቲን ፊደል የተጻፈውን አንድም ፊደል ሳይለወጥ። የልደት ቀንህንም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በፈረንጅ አቆጣጠር ስጥ። በኒን መዝገብ ላይ ስምን ማረም ያስከፍላል፤ የልደት ቀንን ማረም ደግሞ ከሌላው እርማት ሁሉ ይወደዳል። ከወንበሩ ከመነሳትህ በፊት ስክሪኑን አዙሮ ያሳይህ።

ሲጨርሱ የሚሰጡህን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ ለራስህ በኢሜይል ላክ። ቁጥሩ ከተረሳህ በተመዘገበው ስልክህ ኮከብ 346 መሰላል ብለህ ስትደውል ኒንህ ይመጣል። ለጓደኛህም ሰላምታዬን ንገረው፤ እረዳለሁ ካለ ሰልፉ ላይ አብሮህ ይቁም።

ጥያቄ፦ ልጄ ያገባችው አቡጃ ነው። ባለፈው ዓመት ስታርስ ሄጄ ሦስት ወር ተቀመጥኩ፤ ያኔ በፓስፖርቴ ስልክ አውጥታልኝ ነበር። ከተመለስኩ 9 ወር ሆነኝ። አሁን ልሄድ ስል ያ ቁጥር አይሠራም፣ ለሌላ ሰው ሊሰጥም ይችላል አሉኝ። እንዴት ይሆናል? የከፈልኩበት አይደለም?
(ከደብረ ዘይት)

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት፤ የልጅ ልጅዎንም ያሳድግልዎ። ነገሩ እውነት ነው። በናይጄሪያ አሠራር ለ6 ወር ያህል ለኩባንያው ገንዘብ የሚያስገባ ጥሪ ወይም አገልግሎት ያልተደረገበት ቁጥር ሊዘጋ ይችላል። ተዘግቶም ሌላ 6 ወር እንዲሁ ከቆየ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። እርስዎ 9 ወር ስለሆነዎት ምናልባት ተዘግቷል፤ ነገር ግን ገና ላይሰጥ ይችላልና ተስፋ አለ። ሲሄዱ አሮጌውን ሲም ካርድ፣ ፓስፖርትዎንና አዲሱን ቪዛ ይዘው ወደዚያው ኩባንያ ማዕከል ይሂዱ። ልጅዎ «ዌልካም ባክ» እንዲሠሩልዎ ትጠይቅልዎ። ሰዉ የጠፋ ወይም የተዘጋ ቁጥርን ማስመለስ እንዲህ ይለዋል፤ እንኳን ደህና መጡ እንደ ማለት። ስሙ እንደ እርስዎ ላለ እንግዳ ነው የሚያምረው።

አልሆነም ካሉዎት በአዲስ ቁጥር አይዘኑ። የቀድሞውን ቁጥር የሰጧቸው ዘመዶች ካሉ ግን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ ለእርስዎ የታሰበ ወሬ ለእንግዳ ጆሮ ይደርሳል። ልጅዎ «በእኔ ስም ላውጣልዎት» ብትልዎት ደግሞ ከላይ ለሣሪሱ ልጅ የጻፍኩትን ያንብቡላት። ለእናት ግን ሕጌን ትንሽ አላላዋለሁ፤ የባንክ ሒሳብ የማያያይዙበት ከሆነና ልጅ ከሆነች፣ ለሦስት ወር ይሁን።

ጥያቄ፦ አቡጃ ከገባሁ አምስት ወሬ ነው። ሲም ካርዴን በሥርዓቱ አስመዝግቤአለሁ፤ አሁን ግን በቀን ሃያ የማስታወቂያ መልእክት ይገባብኛል፤ ስለ ሎተሪ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ዘፈን። ቁጥሬን ማን ሰጣቸው?
(ከአቡጃ፣ ጋርኪ)

መልስ፦ ማን እንደሰጣቸው መፈለጉን ተወውና ይህን አድርግ። «ስቶፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል ጽፈህ ወደ 2442 ላክ። ማስታወቂያ አልፈልግም የሚል መዝገብ ውስጥ ትገባለህ። ካልቆመ በመጀመሪያ ለኩባንያህ በ300 ደውለህ አቤት በል፤ እነርሱ ካልሰሙህ በ622 ለኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ። ኩባንያው የሰጠህን የአቤቱታ ቁጥር ጻፍ፤ ኮሚሽኑ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እርሱን ነው። የሎተሪው ነገር ግን ደረሰህ የሚል ከሆነ፣ ቲኬት ሳትቆርጥ አይደርስህም።