የፈነዳው ኮከብ ምን ነበር? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም ስለ ኮከብ ፍንዳታ፣ የመጣላችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኮከቡ ከፈነዳ በኋላ ቀድሞ ምን እንደነበር በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብርሃን። ፍንዳታው ከመሃል ይጀምራል። የግፊቱ ማዕበል የኮከቡን ገጽ በስቶ ሲወጣ ብልጭ ይላል። ከዚያ የጋለው ጋዝ እየሰፋ ይቀዘቅዛል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የትንሽ ኮከብ ጋዝ ብርሃኑን ለመልቀቅ ከቀድሞ መጠኑ ብዙ እጥፍ መስፋት አለበት፤ ሙቀቱን እዚያው ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቶሎ ይደበዝዛል። የግዙፉ ብርሃን ግን ለቀናት ይቆያል። አነሳሱንና አወራረዱን ለክቶ የኮከቡን ስፋት ማስላት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ብልጭታውን በዓይኑ ያየ አለ?

መልስ፦ በካሜራ ያየ አለ፣ ያውም ቁልፍ ሠሪ! ቪክቶር ቡሶ ይባላል፤ የአርጀንቲናዋ ሮዛሪዮ ከተማ ነዋሪ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2016 አዲስ ካሜራ ሊሞክር ቴሌስኮፑን ኤንጂሲ 613 ወደሚባል ጋላክሲ አዞረ። የ20 ሴኮንድ ፎቶ ደጋግሞ አነሳ። መጀመሪያዎቹ ላይ ምንም የለም። በኋላ አንዲት ነጥብ ብቅ አለች፤ ከፎቶ ፎቶ እየደመቀች ሄደች። እንዲህ ያለ ቅጽበት የመያዝ ዕድሉን ተመራማሪዎች ቢበዛ ከ10 ሚሊዮን አንድ ብለው ገምተውታል። ሎተሪ ይሻላል። ጥናቱ በ2018 በ«ኔቸር» መጽሔት ወጣ። ኮከቡ ከመፈንዳቱ በፊት አብዛኛውን ሃይድሮጅኑን የተገፈፈ ሆኖ ተገኘ፤ ሳይቀማው አልቀረም የሚባለው አጠገቡ ያለ ጓደኛ ኮከብ ነው።

ጥያቄ፦ ብልጭታው ካመለጠንስ? አለቀ?

መልስ፦ አላለቀም። አንዳንዴ አለማየት ራሱ መልስ ነው። በኦገስት 2011 ኤም 101 ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ፈነዳ። ከፍንዳታው 4 ሰዓት ገደማ በኋላ ማዮርካ ደሴት ላይ ያለ ትንሽ ቴሌስኮፕ ያንኑ ቦታ አይቶ ነበር፤ ምንም አላገኘም። ኮከቡ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ይታይ ነበር። ስፋቱ ከፀሐይ 50ኛ እጅ በታች ነው ተባለ። ይህ ነጭ ድንክ ነው፤ ማለትም ነዳጁን ጨርሶ የተጨመቀ የኮከብ ቅሪት።

እዚያው ጋላክሲ ውስጥ በ2023 ሌላ ፈነዳ፤ ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ ነው ያገኘው። ይሄኛው ቀይ ልዕለ ግዙፍ፣ ማለትም እጅግ ያበጠ ትልቅ ኮከብ፣ ነበር። ብርሃኑ ወደ ቀለማቱ ተከፋፍሎ ሲተነተን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጫጭን ደማቅ መስመሮች ታዩ፤ ወዲያው ጠፉ። ኮከቡ ከመሞቱ በፊት የተፋው ጋዝ ዙሪያውን ከቦት ነበር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴልጂየስ የምትባለው ቀይ ኮከብ ብትፈነዳ ቀድመን እናውቃለን?

መልስ፦ በትንሹ። ኒውትሪኖዎች፣ ማለትም ከኮከቡ መሃል ያለ እንቅፋት የሚያመልጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ቀድመው ይደርሳሉ፤ በ1987ቱ ፍንዳታ ከብርሃኑ በሰዓታት ቀድመው ነበር። ቤቴልጂየስ እጅግ ሰፊ ስለሆነች ማዕበሉ ገጿ ጋ እስኪደርስ አንድ ቀን ገደማ ሊፈጅበት ይችላል። ካሜራህን ቻርጅ ለማድረግ ይበቃል።